መርዶ የማያውቅ ደራሲ

አንባቢ ሆይ፣ ከመጽሐፍ ምን ትፈልጋለህ? ፍቅር? ጀብዱ? እኔ የማውቀው አንባቢ፣ አያ ውባለም፣ የሚፈልገው ወግ ያለው ለቅሶ ነው። አንባቢ ስል ፊደል አልቆጠረም፤ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይፈርዳል።

አምና ቁረይሻ ወደሚባለው ቆላ ሰሊጥ ልናጭድ ወርደን፣ በምሳ ዕረፍት ለእሱና ለአጫጆቹ አንድ ልብ ወለድ ሳነብላቸው «እናቱ ሞተች» የሚል መስመር ላይ ደረስሁ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ልጁ ሙሽራ ሆኗል።

«ኻላስ! በቃ፣ ዝጋው!» አለ አያ ውባለም። «መርዶውን ማን ነገረው? ድንኳኑስ? አርባዋስ?»

«ደራሲው ወረቀት አጥሮት ይሆናል» አልሁ።

«ለሰርጉ መቼ አጠረው?»

ያ ሁሉ አጫጅ ማጭዱን ጥሎ ለወረቀት እናት ለቅሶ ተቀመጠ። አንዱ ሙሾ አወረደ፣ ሌላው ደረቱን ደቃ። የእርሻው ወኪል እውነት መስሎት አብሮን አዘነ፤ የግማሽ ቀን ፈቃድም ሰጠን።

ሰዉ ሁሉ ሲነሳ አያ ውባለም ከመሬት አልተነሳም።

«ይብቃህ እንጂ አያ፣ ድርሰት እኮ ነው» አልሁት።

ፊቱን በኩታው ጠረገ።

«ክረምት ላይ፣ እዚሁ እርሻ ወርጄ መንገዱ ተዘግቶ ሳለ፣ ካገር ቤት ደወሉልኝ። ‹እናትህ ሞተች› አሉኝና ስልኩ ተቋረጠ። በማግስቱ አረም ላይ ዋልሁ።»