የሸንተረሩ አደን አስተባባሪ ኮሚቴ

አጋዘን ያለ ኮሚቴ ይታደን የነበረበት የጨለማ ዘመን ያበቃው ባለፈው ጥቅምት፣ አደን በተከፈተበት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ይህን በእርግጠኝነት መናገር የምችለው ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ በመሆኔ ነው።

የዚህ ታላቅ እርምጃ ጠንሳሽ አማቴ ጋሼ ላቫር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውራጃውን መንገድ ሥራ ሲመሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሌላ የሚመሩት ስላጡ እኛን ይመራሉ።

ጋሼ ላቫር ተራራው ላይ ከእሳቸው በቀር ማንም የማያውቀው የአደን ቦታ አላቸው። ልጃቸውን ያገባሁ ዕለት ከኬኩ ጠረጴዛ ጀርባ ወስደው ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምለውኛል። ምስጢሩ እጅግ ከመጠበቁ የተነሣ ለአሥራ ሁለት ዓመት አጋዘኖቹም ቦታውን አላወቁትም።

ባለቤታቸው እትዬ ኔልዳ ይህን ሁሉ ዓመት እያበሰሉ አብረውን ወጥተው ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። ዘንድሮ ግን በዕጣ አንድ አጋዘን የሚያስገድል የራሳቸውን የአደን ፈቃድ አገኙ፤ የሟች አባታቸውን ጠመንጃ ከአልጋ ሥር አወጡና ዘይት ቀቡት። ከዚያ እራት ላይ እንዲህ አሉ፦

“ዘንድሮ ፍሪዘሩ ሥጋ ካላየ ተጎታቿ ቤት ትሸጣለች። በሚቀጥለው ጥቅምት እህቴ ጋ ወርጄ ፀሐይ እሞቃለሁ።”

ጋሼ ላቫር ሹካቸውን አስቀመጡ። በየአደኑ በፒካፕ ጎትተን ተራራው ግርጌ የምናድርባትን ያቺን ጣሪያዋ የሚያፈስ ተጎታች ቤት ምን ያህል እንደሚወዷት እናውቃለን። ያን ማታ ማንንም ሳይመሩ ተኙ፤ በቤታችን ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ምስጢራዊው ቦታ ደረስን። አርባ ፒካፕ ቆሟል፤ የእኛ አርባ አንደኛው ነው።

ጋሼ ላቫር መስኮት አወረዱና ዶናት የሚያኝክ አንድ ጢማም ሰውዬ ላይ ጮኹ፦ “ማን ነገረህ?”

“ምኑን?”

“ይህን ቦታ!”

“አያቴ ናቸው” አለ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ምስጢር ነው፤ እባክዎ ለሰው አይንገሩ።”

ስሙ ኦርቪል ነው። እሱም፣ ከጎኑ ያለውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ቦታው የግላቸው ምስጢር መሆኑን በየተራ አስረዱን። ተራ ሰው ቢሆን መኪናውን አዙሮ ሌላ ተራራ ይፈልግ ነበር። ጋሼ ላቫር ግን ችግር ሲያዩ የሚሸሹ ሰው አይደሉም፤ ያደራጁታል። ፒካፓችን ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ክቡራን አዳኞች! ይህ መሬት የሕዝብ ነው! የሕዝብ የሆነ ነገር ደግሞ ካልተመራ ያው የሕዝብ ሆኖ ይቀራል!”

ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው ስላልነበረ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጋሼ ላቫር ሊቀመንበር፣ ኦርቪል በድምፁ ጉልበት ምክትል፣ እኔ እስክሪብቶ ይዤ በመገኘቴ ጸሐፊ ሆንኩ። ሸንተረሩ አርባ አንድ ቦታ ተሸንሽኖ ለእያንዳንዱ ፒካፕ አንድ ቁጥር ተሰጠ። በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ለፊት የተነሣ አጋዘን የዚያው ቁጥር ንብረት እንዲሆን ተወሰነ። ቁጥር አሥራ ሰባት ለኦርቪል ደረሰ። ቁጥር አሥራ ስምንት የደረሰው ሰው እጁን አወጣ፦

“አጋዘኑ አሥራ ሰባት ላይ ተመትቶ አሥራ ስምንት ላይ ቢወድቅስ?”

ጥያቄው ጥልቅ ነበር። ሃያ ደቂቃ ተወያየንበትና ንዑስ ኮሚቴ አቋቋምን። ፀሐይ አጀንዳ ስላልደረሳት ዝም ብላ ወጣች።

“የኔስ ቁጥር?” አሉ እትዬ ኔልዳ።

“ቁጥሩ አልቋል፣ ኔልዳ። አንቺ እዚሁ መኪናው ጋ ሁኚና...”

“ሳንድዊች ልጠብቅ?”

“በስንቅና ትጥቅ ዘርፍ ነው የመደብንሽ።”

እትዬ ኔልዳ ሸንተረሩን አዩ፤ በስሕተት እንዳይተኮስበት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰውን ሕዝብ አዩ። “ላቫር፣ አንተ አጋዘን ብትሆን ይሄ ሁሉ ሰው ወደተሰለፈበት ትሄዳለህ?”

“እኔ አጋዘን አይደለሁም።”

“እሱስ ልክ ነህ። እነሱ ያስባሉ።”

ታጣፊ ወንበራቸውንና የአባታቸውን ጠመንጃ አንጠልጥለው፣ የሚያማቸውን ዳሌ እየጎተቱ ቁልቁል ወደ ጥሻው ወረዱ። ጥሻው ከመኪናዎቹ ብዙም አይርቅም። ወንድ ልጅ ከመኪናው ያን ያህል ቀርቦ ማደን ስለሚያሳፍረው ማንም አላየውም ነበር።

እኛ በሥነ ሥርዓት ወደ ሸንተረሩ ወጣን። የቁጥር ዘጠኝ ስልክ ጮኸ፤ ሚስቱ ነበረች፤ የደረሰበትን ቁጥር በዝርዝር አስረዳት። ቁጥር ሃያ ሁለት የድንች ጥብስ ከላስቲክ እያወጣ ይቆረጥማል። ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው መሃል ቀንዱ የወንበር መደገፊያ የሚያህል ወንድ አጋዘን ብድግ አለ። የተራራችን አጋዘን ጆሮው የበቅሎ ነው የሚያህለው። ሁለቱንም ወደ እኛ አዞረና ያዳምጠን ጀመር።

የጋሼ ላቫር የእጅ ሬዲዮ ተንሾካሾከ። “ሊቀመንበር፣ ኦርቪል ነኝ። ከፊቴ አጋዘን አለ። ፈቃድ እጠይቃለሁ።”

“ትክክል ከፊትህ ነው? ወይስ ወደ አሥራ ስምንት ያጋድላል?”

“ራሱ አሥራ ሰባት ነው። ቂጡ አሥራ ስምንት ነው።”

“ንዑስ ኮሚቴው ምን ይላል?”

“ንዑስ ኮሚቴው ቁርስ ላይ ነው።”

አጋዘኑ ድምፅ እንደሚቆጥር ሁሉ ከቁጥር አንድ እስከ አርባ አንድ አየንና እየተንጎራደደ ቁልቁል ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ከታች አንድ ጥይት ጮኸ።

“ማነው ያለ ተራው የተኮሰ?” አሉ ጋሼ ላቫር።

እኔም “ቁጥሩ ያልታወቀ አንድ ጥይት” ብዬ መዘገብኩ።

ወርደን ስናይ እትዬ ኔልዳ እጅጌያቸውን ሰብስበው የአጋዘኑን ሆድ ዕቃ እያወጡ ነው። የፈቃዳቸው ወረቀት ቀንዱ ላይ ታስሯል፤ ጠመንጃው ዛፍ ተደግፏል። ዓይናቸው ቀልቷል።

“አለቀሱ እንዴ እትዬ?” አልኳቸው ቀስ ብዬ።

“ብርዱ ነው” አሉ። ከዚያ ወደ ጠመንጃው አየት አድርገው፣ “አባቴ ቢያይ ግን ደስ ይለው ነበር።”

ኦርቪል እያለከለከ ደረሰ። “እትዬ፣ ይሄ የአሥራ ሰባት አጋዘን ነው!”

“የት ላይ ተጽፏል?”

“ከኔ ፊት ነው የተነሣው!”

“ታዲያ ምነው አልተኮስክ?”

ኦርቪል ጋሼ ላቫርን አየ። ጋሼ ላቫር እኔን አዩ። እኔ ቃለ ጉባኤውን አየሁ።

ጋሼ ላቫር ፊታቸው በኩራትና በሐፍረት መካከል ጥቂት ሲዋልል ቆየ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያካበቱት ልምድ ግን አልከዳቸውም። “ክቡራን! በዕቅዳችን መሠረት አጋዘኑ ከሸንተረሩ ተነድቶ አስቀድሞ ወደታሰበበት ጥሻ ወርዷል። ክንውናችን መቶ በመቶ ነው!”

ጭብጨባው ተራራውን አናጋው።

“እናንተ ናችሁ የነዳችሁት?” አሉ እትዬ ኔልዳ ቢላዋቸውን ሣር ላይ እየጠረጉ።

“እንዴታ!”

“እንግዲያውስ ተሸከሙት።”

ተሸከምነው። አቀበቱ አጭር ነው፤ እኛ ግን በአንድ እግር አንድ ተጠሪ ስለመደብን እኩለ ቀን ላይ ነው መኪናው ጋ የደረስነው።

እራት ላይ እትዬ ኔልዳ ጉበቱን በሽንኩርት ጠበሱ። ጋሼ ላቫር አቀርቅረው በሉ፤ ደገሙም። በመጨረሻ፣ “ግሩም ተኩስ ነው፣ ኔልዳ” አሉ።

“አውቃለሁ።”

“ተጎታቿስ?”

“ሥጋ ገባ አይደል እንዴ? ትቁም።”

ጋሼ ላቫር ወጥተው የተጎታቿን ጎማ ያለ ምክንያት ሲነካኩ ቆዩ።

በማግሥቱ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ያለፈው ቀን ልምድ ተገምግሞ፣ ሸንተረሩ ለአደን የማይመች መሆኑ በማስረጃ ስለተረጋገጠ፣ ኮሚቴው በሙሉ ወደ ጥሻው እንዲዛወር ተወሰነ። ወንበር ያለው ወንበሩን፣ የሌለው የቢራ ሣጥኑን ይዞ ወረደ። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። አንዱ ሲያስነጥስ ሦስቱ ይማር አሉት።

እትዬ ኔልዳ ፈቃዳቸውን ስለጨረሱ ተጎታቿ ደጃፍ እግራቸውን ሰቅለው ተራራውን በሩቅ ማያ መነጽር ያያሉ። ረፋዱ ላይ በሬዲዮ መጡ። “ላቫር፣ ትሰማኛለህ?”

“በቀስታ፣ ኔልዳ። ሥራ ላይ ነን።”

“ሸንተረሩ ላይ ሰባት ወንድ አጋዘን አለ። አሥራ ሰባት ላይ ሦስት፣ አሥራ ስምንት ላይ አራት።”

ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ዞረ። ኦርቪል ከሣጥኑ ሊነሣ ሲል አሥራ ስምንት በሰደርያው ጎትቶ አስቀመጠው። ሬዲዮው እንደገና ጮኸ።

“ምን ትጠብቃለህ አንተ ሰውዬ? ውጣና ተኩስ እንጂ!”

“እሺ፣ ኔልዳ” አሉ ጋሼ ላቫር፣ ለእኔ ብዕር እንዳወጣ በዓይናቸው ምልክት እየሰጡ። “እንዳይሄዱ ብቻ ተመልከቺልኝ። ለኮሚቴው ላቅርበው።”