ባቡሩ እዚያው ኤርፖርቱ ጋ ነው

አበሻ አገር ሲሻገር የመንገድ መረጃ ይጠይቃል እንዴ? እኛ የምናውቀው ጥያቄ «ማን ይቀበልሃል?» የሚለውን ነው። ተቀባይ ካለ ባቡሩ ከየት እንደሚነሳ ማወቁ ምን ይሠራል?

እዚሁ ስደት አገር፣ ሰፈራችን ብሪክስተን የሚኖሩት ጡረተኛው ጋሽ መኮንን ግን ከዚህ ሕግ ውጪ ናቸው። ቫንኩቨር ልሄድ ነው ያለ ሰው እጃቸው ከገባ አለቀለት። እኔንም ቅዳሴ እንዳበቃ በር ላይ ያዙኝ።

«ታክሲ እንዳትይዝ» አሉኝ፣ እንደ ጄኔራል ጣታቸውን ቀስረው። «ባቡሩ እዚያው ኤርፖርቱ ጋ ነው። ከተማው ዝናባም ስለሆነ ኮፍያ ያለው ጃኬት ያዝ። ባሕሩን ለማየት በጠዋት ውጣ። ደግሞ መንገደኛ የሚወጣበት በር አጠገብ ያለው ወንበር ብረት ነው፤ ብዙ ሲቀመጡበት ወገብ ይይዛል።»

ሳቄ መጣ። የደረሰ መንገደኛ እዚያ ወንበር ላይ ምን ያስቀምጠዋል? ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ የሚኖረው ቫንኩቨር አይደል? አልተቀበለዎትም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አሉ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ።

«ሲመለሱስ ማን ሸኘዎት?»

«ባቡሩ አለ አልኩህ እኮ።»