«ሰርዝ» የተባለው ቁልፍ የተገራበት ዜና

በስሪት አራት ዘመነ መንግሥት፣ ስሪት ሦስት ስሕተቱ በዝቶ ከተሻረ በኋላ፣ ስሪት አምስትም ገና በፕሮግራመሮች ሆድ ሳለ፣ የቀጠሮ ማስያዣውን ሶፍትዌር መመሪያ የሚጽፉት፣ ትዕግሥትን ከጥበብ ጋር የታደሉት፣ ብርሃነ ተጠቃሚ የተባሉት እመቤት ጸሐፊተ መመሪያ ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። እናት ሆነው ያሳደጓቸው አክስታቸው በዚሁ ሶፍትዌር በሚሠራ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፤ ቀጠሮ ሊያሰርዝ የመጣ ሁሉ ፊታቸው እየተገተረ ወረፋው ደረጃውን ስለ ሞላ፣ ሥራ አስኪያጁ «እስከ ዓርብ ወረፋው ካልቀለለ በዚህ ወንበር ሌላ ሰው ይቀመጣል!» ብለው አወጁ። አክስትም በስልክ «ልጄ፣ ያንቺ መመሪያ ጉድ ሠራኝ!» ሲሉ የክተት አዋጅ አሰሙ።

መመሪያውም ሁለት ክፍል ነበረው፤ ቁልፉን ሁሉ የሚዘረዝር ማጣቀሻና አጠቃቀሙን በአንድ ተጠቃሚ ውሎ የሚተርክ ታሪክ። ወእምዝ እመቤቲቱ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ክሊኒኩ ዘመቱ፤ በቀኝ የማጣቀሻው ወገን አለቃ፣ ቁልፍ ሁሉ በፊደል ተራ ካልተዘረዘረ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ጆሮ ማዳመጫውን እንደ ዘውድ የደፋ ፕሮግራመር፤ በግራ የታሪኩ ወገን አለቃ፣ መመሪያ ማለት የተጠቃሚ ታሪክ ነው ባይዋ የምርት ኃላፊ፤ በኋላም ቻርጀሯን ቢሮ የረሳች የሶፍትዌር ሞካሪ። ሁለቱ አለቆች መንገዱን ሙሉ ስለ ገጽ ድርሻ ሲነታረኩ ሄዱ።

ከአክስት ወንበር ኋላ ቆመው ባዩ ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። ማጣቀሻው «ሰርዝ፦ ለመሰረዝ ያገለግላል» ይላል፤ አንዱን ቀጠሮ ይሁን የሐኪሙን ቀን በሙሉ አይናገርም፤ አክስትም ቁልፉን እንደ እባብ ይሸሹት ነበር። በታሪኩ ደግሞ ታካሚዋ ቀጠሮ ትይዛለች፣ በቀኗ ትመጣለች፣ አመስግና ትሄዳለች፤ ሐሳቧን ከቶ አትቀይርም። ሁለቱንም የጻፉት ራሳቸው ነበሩና እመቤቲቱ እጅግ አፈሩ።

ወዲያውም ባንኮኒው ላይ ኮምፒውተራቸውን ዘርግተው አወጁ፦ «ከእንግዲህ በታሪክ ሁሉ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ይኑር፤ እዚያም ላይ ወደ ማጣቀሻው መንገድ ይከፈት። ማጣቀሻም ቁልፉ የሚነካውንና የማይነካውን ይናገር፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚፈለግም ይጠቁም!» ወረፋው ዐይኑን ተክሎባቸው ነበርና ሁለቱ አለቆች ያለ ክርክር እጅ ነሡ።

ከዚያም ፕሮግራመሩን አስምለው «የተመረጠውን አንድ ቀጠሮ ብቻ ይሰርዛል፤ ሌላውን አይነካም» ብለው ጻፉ። አክስት አነበቡ፣ ቁልፉንም ተጫኑ። አንዲት ቀጠሮ ጠፋች፤ የሐኪሙ ቀን ግን እንዳለ ቆመ። መነጽራቸውንም አስተካክለው፣ እስከ ደረጃው ግርጌ የተሰማውን አዋጅ አወጁ፦ «ቀጣይ!»

ዓርብ በደረሰ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ለወንበሩ አዲስ ትራስ ይዘው መጡ፤ የተቀመጡበትም አክስት ነበሩ። እንግዲህ ክብር ለጸሐፊተ መመሪያ፣ ለአስታራቂተ ታሪክ ወማጣቀሻ፣ አክስታቸውን ከወንበራቸው ላላስነሡ ይሁን፤ ስሪት ይነግሣል፣ ስሪትም ይሻራል፤ የእርሳቸውን ስም ግን ማንም አይሰርዘው።