አንድ ሰው ብቻ ቀረ

ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል የአንድ ሚኒባስ ረዳት ውሸት ነው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጂንካ ላይ ቆሞ «ቀይ አፈር! አንድ ሰው ብቻ ቀረ!» ይላል። ገብተን ስንቀመጥ፣ መኪናው የሞላ እንዲመስል ያስቀመጣቸው ጓደኞቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ጢሙ የሸበተ ሰው ትንሽ አያፍርም?

ባለፈው ሐሙስ ግን፣ ጉድ በሉ፣ እውነቱን ነበር! በእርግጥም የቀረው አንድ ወንበር ነው። ቢጮህ ቢጮህ ሰዉ ሳቀበት እንጂ የገባ የለም። ለገበያ የያዝኩት ቅቤ መቅለጥ ጀመረ። ተናድጄ አንገቴን በመስኮት አወጣሁና «ዛሬስ አልዋሸም፣ ግቡ!» አልኩ።

ሃያ ዓመት የማውቃት ጎረቤቴ ከውጭ እየሳቀች መለሰችልኝ፦

«ውይ እማማ! እርስዎስ መቼ ነው የሚወርዱት?»