ኢድሪስ «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለ ዕለት

ወጣት መሆን ደስ የሚለው ኢንሹራንስ ቢሮ እስኪገቡ ድረስ ነው። በየስብሰባው «አገር ተረካቢ» እየተባለ የሚሞካሸው ልጅ፣ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ገና ያልደረሰ አደጋ ሆኖ ይታያል። ዕድሜህ ስንት ነው? መንጃ ፈቃድ ካወጣህ ምን ያህል ጊዜህ ነው? ባጃጇን የት ታሳድራታለህ? በየትኛው መንገድ ትሠራለህ? እናንተ ሊመርቋችሁ የጠየቋችሁ እየመሰላችሁ በደስታ ትመልሳላችሁ፤ እያንዳንዷ መልስ ግን የምትከፍሉትን ከፍ እያደረገችው ትሄዳለች። አሶሳ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ክረምቱ መንገዱን ይበላዋል፣ መለዋወጫ ከሩቅ ይመጣል፤ «ካማሺ ድረስ እሄዳለሁ» ያለውንማ ሠራተኛው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነው የሚያየው።

እኔ ከጎጃም ለማስተማር መጥቼ እዚሁ የከረምኩ ሰው ነኝ። የምኖረው እትዬ ሐሊማ ግቢ፣ በኪራይ ነው። እትዬ ሐሊማ የበርታ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወንዝ ዳር ወርቅ እያጠቡ፣ የጓሯቸውን ማንጎ እየሸጡ ለአንድ ልጃቸው ለኢድሪስ ባጃጅ ገዙለት። ኢድሪስ ሃያ ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃዱንም ገና ማውጣቱ ነበር። ኢንሹራንስ ሊገባ ሲል ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። «በአጎቱ ስም አድርጉት እንጂ! የሚነዳው ሽማግሌ ነው በሉ፣ ይቀንስላችኋል።» ይህ የሰፈራችን የታወቀ ብልሃት ነው፤ በወረቀቱ ከሄዳችሁ፣ ግማሹን ባጃጅ የሚነዳው ጥርሱ የረገፈ አዛውንት ነው። እትዬ ሐሊማ ግን እምቢ አሉ።

«ውሸት ሐራም ነው። ልጁ ይነዳል፤ ልጁ ተብሎ ይጻፍ።»

እንዳሉት ተጻፈ። ተወዶባቸው ከፈሉ።

በክረምት አንድ ጠዋት ኢድሪስ ከገበያ ሲመለስ ባጃጇ ጭቃ ላይ ተንሸራተተችበትና ዳር ይዘው ይሄዱ የነበሩትን ማር ነጋዴውን አባ ሙሳን ገጫቸው። እግራቸው ተሰበረ። ኢድሪስ አልሸሸም፤ አቅፎ አነሳቸውና ሆስፒታል ወሰዳቸው። እዚህ አገር ደግሞ ሰው ሲጎዳ ቀድሞ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። በነጋታው በአልጋቸው ዙሪያ ሽማግሌ ተሰበሰበ፤ እኔም ጎረቤት ነኝና ከጥግ ቆምኩ። ኢድሪስ አባ ሙሳ እግር ሥር ወድቆ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፉ በሉኝ» አለ። አባ ሙሳ አለቀሱ። እትዬ ሐሊማም ማሳከሚያውን፣ እስኪድኑም ድረስ የአባ ሙሳን ቤት ቀለብ እንችላለን ብለው ቃል ገቡ። ፋቲሃ ተቀራ። እንዲህ ያለ ያማረ እርቅ አይቼ አላውቅም፤ እኔም እንባዬ መጣ። ኢንሹራንሱ አለ አይደል? ወጪውን እሱ ይሸፍነዋል ብለን ሁላችንም ልባችንን ጥለን ወደየቤታችን ገባን።

በሳምንቱ ከኢድሪስ ጋር ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድን። ሠራተኛው ትሁት ሰው ነው፤ አንድ በአንድ ጠየቀ፣ ኢድሪስም አንድ በአንድ መለሰ። በመጨረሻ፣ ሳይጠየቅ፣ ፈገግ ብሎ «ታርቀናል እኮ! ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፤ እናቴም አሳክማለሁ አለች» ሲል ጨመረ። ሊመሰገን ነበር የጠበቀው፣ የኔ ጌታ። የሠራተኛው ፊት ጠቆረ።

«ማን ተናገር አለህ፣ ወንድሜ? ድርጅቱ ሳያውቅ ጥፋተኛ ነኝ ማለት፣ እከፍላለሁ ብሎ ቃል መግባት በውሉ ክልክል ነው። እናንተ ለገባችሁት ቃል ድርጅቱ አይከፍልም።»

«ታዲያ ምን ልበል ነበር?»

«ዝም ማለት ነበረብህ።»

«ሰውዬው እያለቀሰ?»

ሠራተኛው አቀረቀረ። ከዚያ ወዲያ አመለከትን፣ ለመንን፣ ተመላለስን፤ ወይ ፍንክች!

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላል ያገሬ ሰው። የት እንደሚያድሩ ግን አልነገረንም። እትዬ ሐሊማ ሽማግሌ ፊት የገቡትን ቃል አላጠፉም፤ ቃላቸውን ለመጠበቅ ባጃጇ ተሸጠች። ኢድሪስ ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት መስታወቷን በእጅጌው ወለወለ። አሁን ከእናቱ ጋር ወንዝ ዳር አሸዋ ያጥባል፤ ግቢ ሲገባ ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣውም። እኔን አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሌላ አይደለም። ሲመዘገብም እውነቱን ተናገረ፣ ሲገጭም እውነቱን ተናገረ፤ ዛሬ በእግሩ የሚሄደው ግን እሱ ነው።

ባጃጇን የገዛት ከኢድሪስ የሚያንስ ጎረምሳ ነው። እሱ ምክር ሰሚ ነው፤ በኢንሹራንሱ ወረቀት ላይ ሹፌሩ አያቱ ናቸው። አያትየው እንኳን ባጃጅ ሊነዱ፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መስጊድም የሚሄዱት በሰው እጅ ተይዘው ነው። ታዲያ በቀደም ከአባ ሙሳ ጋር ከገበያ ስንመለስ ይቺው ባጃጅ ፊታችን ቆመች። ተሳፈርን። አባ ሙሳ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጎረምሳውን በኋላ መስታወቱ ትንሽ አዩትና፣

«ልጄ፣ ሰው ብትገጭ ምን ትላለህ?» አሉት።

ልጁ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም።

«አያቴ ነው የነዳው እላለሁ።»

አባ ሙሳ፣ ባጃጇ ገና ሳትነሳ፣ መጀመሪያ ከዘራቸውን አወረዱ፤ ቀጥለው ደህናውን እግራቸውን፣ በመጨረሻም የተሰበረውን። እኔም ተከትያቸው ወረድኩ። መንገዱ ሩቅ ነበር፤ ቀስ እያልን በእግራችን ሄድን።