ሊቀ ምሳ ዕቃ ፕሬበን

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ጎረቤት አለ፤ ስኳር ሊበደር የሚመጣና ያልጠየቃችሁትን መፍትሔ ይዞ የሚመጣ። የመጀመሪያው ስኳሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው አይሄድም። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ፤ የሌለበት ሕንፃ የለም። ምድር ቤት ያለው ክፍሉ መብራት አይጠፋም፣ ከሱሪው ላይ የእንጨት ብናኝ፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ አይታጣም። ዓለምን ለማዳን የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እሷም የእናንተ ወጥ ቤት ናት።

እኛ ኦርሁስ ከተማ ባለው ሕንፃችን የደረሱን ፕሬበን ይባላሉ። በዚህ አገር ከቤተ መንግሥት ሰዎች በቀር አንቱ የሚባል ስለሌለ ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምላቸው። እዚህ ግን ማዕረጋቸውን አልነፍጋቸውም። ክቡር ሊቀ ምሳ ዕቃ ፕሬበን፣ የክዳን ሁሉ አባት፣ የፕላስቲክ ደመኛ ናቸው።

ክቡርነታቸው ዕድሜ ልካቸውን በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ሲነድፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። እዚህ ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ዓሣ ያጠምዳል ወይ ፀሐይ ፍለጋ ስፔን ይወርዳል። እሳቸው ምድር ቤት ወረዱ። አንድ ቀን የተላቀቀ የቁም ሣጥን በር ሊያጠብቁልኝ ቤቴ መጡና በሩን ከፈት ሲያደርጉ የፕላስቲክ ዕቃዬ ሁሉ እግራቸው ላይ ተናደ። ያ መዓት ክዳኑ ያለው ዕቃው የለውም፣ ዕቃው ያለው ክዳኑ ተጣሟል፣ የቀረው የአምና የቲማቲም ወጥ ቀለም ይዟል።

«ማይብሪት፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አሉ።

«የምግብ ዕቃ ነዋ።»

«በዚህ ነው ልጅሽን የምታበያት?»

«እስቲ የተሻለ ሥራልን» አልኩ እየሣቅሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን የሙከራ ጣቢያ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳባቸው ትክክል ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው። የተሳሳተን ሰው «ተው» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ትክክል የሆነን ሰው ግን ምን ይሉታል? ችግሩ ያለው ምሳችን ላይ ነው። እኛ ምሳ የምንለው ስስ የጥቁር ዳቦ ቁራሽ ሆኖ ማባያው ከላይ ይጋደምበታል፤ አንዱ ላይ የጉበት ቅባት፣ አንዱ ላይ እንቁላል፣ አንዱ ላይ ዓሣ። ከዚያ በየመሃሉ ወረቀት እየገባ ይደራረባል፤ የአንዱ ማባያ የሌላውን እንዳይነካ፤ መነካካቱ ለእኛ ነውር ነው። ሌላው ሰው ፕላስቲኩን ብቻ ቢያስቀር በበቃው ነበር። ፕሬበን ወረቀቱንም ጠሉት። «አንድ ጊዜ ተጠቅመሽ የምትጥዪው ነገር ሁሉ ያው ነው» አሉና የማይቻለውን ነገር ሊሠሩ ቁጭ አሉ።

መጀመሪያ የመጣው የእንጨት ነበር። እንዴት ያምር እንደነበር! ባለቤቴ አስገር ቢሮ ይዞት ሄደ፤ በቲማቲም የተዘፈዘፈ ማኬሬል ዓሣ ይወዳልና እሱን ጨምሮበት። እንጨቱም ማኬሬል ይወድ ኖሯል፤ ጠጣው። ሣምንት ሳይሞላ ሣጥኑ ራሱ ማኬሬል ሆነ። ፖም ብናስቀምጥበት ፖሙም ማኬሬል ሆነ። አስገር የሥራ ባልደረቦቹ መስኮት መክፈት መጀመራቸውን ሲነግረኝ ሣጥኑን ይዤ ወረድኩ። ፕሬበን አፍንጫቸውን አስገብተው ለረጅም ጊዜ አሸተቱ።

«ስህተቱ የእንጨቱ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «የሐሳቡ አይደለም።»

ይህችን አነጋገር ልብ በሉልኝ፤ በእኛ ሕንፃ ደረጃ ላይ ከ«እንዴት አደራችሁ» ይልቅ የምትሰማው እሷ ናት።

ቀጥሎ የሸክላው መጣ። እሱ የደረሳት ልጄ ሊቫ ነች። ቦርሳዋን ልታነግት ስትል ክብደቱ ወደ ኋላ ጎትቷት መስቀያው ላይ ያሉት ኮቶች መሃል ገባች።

«ፕሬበን፣ ልጅ እኮ ናት፤ በቅሎ አይደለችም» አልኳቸው።

«ወገቧን ያጠነክርላታል።»

«ወገቧ ምን ሆነና?»

ሸክላውን በእጃቸው መዘን አደረጉት። «ስህተቱ የክብደቱ ነው።»

«አውቃለሁ፤ የሐሳቡ አይደለም።»

«እንዳልሽው» አሉ፤ የገባኝ መስሏቸው ደስ አላቸው።

ሦስተኛው ለእኔ ደረሰኝ። የማይዝግ ብረት ነው፤ ክዳኑ እንዳያፈስ በግራና በቀኝ በሁለት መቆለፊያ ተወጥሯል። ወደ ዋና ከተማው ኮፐንሃገን በባቡር ስሄድ ጸጥታ የሚጠበቅበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ራበኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ቢሞት እንኳ የሚቀጥለው ጣቢያ እስኪደርስ ማንም ትንፍሽ አይልም። የግራውን ፈታሁ። የቀኙ ራሱን ፈታ። ድምፁ ጠመንጃ ነው፤ ክዳኑ ጣሪያ ነካ። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አንድ ቁራጭ ቀይ ሥር ከፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ የሚያነበው መጽሐፍ ላይ ዐረፈ። ቅንድብ ብቻ ነው የተነሣው። ሰውዬው ቀይ ሥሩን በሁለት ጣቱ አንሥቶ የሚያስቀምጥበት ቢፈልግ ቢፈልግ ሲያጣ፣ በላው።

ይህን ስነግራቸው ፕሬበን ያዘኑልኝ መሰላችሁ? «ምን ያህል ራቀ?» አሉና ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወረዱ።

እንዲህ እያልን ስንኖር የብስክሌት ነገር መጣ። ሕንፃችን ልጆች በዙበት፤ ልጅ ያለው ሁሉ ከፊቷ ትልቅ ሣጥን ያላትን፣ ልጅም አስቤዛም የሚጫንባትን ብስክሌት ገዛ። እኛም ገዛን። ብስክሌቶቹ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲደበድባቸው ይከርማሉ፤ የእኛው ሣጥን እንጨቱ ማበጥ ጀመረ። ምድር ቤት ደግሞ ሰፊ፣ ደረቅ፣ በሩ ወደ ግቢ የሚከፈት አንድ ክፍል አለ። የቤት ማኅበራችን ንብረት ነው፤ የሚሠሩበት ግን ፕሬበን ናቸው። ክፍሉ ለብስክሌት ይሁን የሚል ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ሲቀርብ ከፈረሙት የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። አላፈርኩበትም፤ ዝናቡ እኮ ዝናብ ነው።

ወሬው ደረሳቸው። ደረጃው ላይ አግኝተው አቆሙኝ።

«ክፍሉ ለቤተሰብ ይሁን ብላችኋል አሉ።»

«አንተን አስበን አይደለም፣ ፕሬበን። ብስክሌቱ...»

«ልክ ናችሁ። እኔም የምሠራው ለቤተሰብ ነው። ጉባኤው ላይ ለቤተሰብ የሚሆን ዕቃ ካላሳየሁ ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክባለሁ።»

«ኧረ እንዲህ ብለህ ራስህን አትሰር።»

«ብያለሁ» አሉና ወረዱ።

ማታ ለአስገር ነገርኩት። ሰሐን እያጠበ ነበር፤ ውኃውን ዘጋው።

«ታዲያ ክፍሉ ከተወሰደበት የት ይሄዳል?»

«ቤት አለው እኮ!»

«ቤቱን አይተሽዋል? አንድ ወንበርና አንድ ሬዲዮ ነው ያለው። ሰው የሚያገኘው ታች ነው።»

እውነቱን ነው። ልብስ ሊያጥብ ምድር ቤት የወረደ ሁሉ እሳቸው በር ላይ ሳይቆም አይመለስም። የሕፃን ጋሪ ጎማ የሚያጠብቁት፣ የተሰነጠቀ ወንበር የሚያጣብቁት፣ ሳይጠየቁ ምክር የሚሰጡት እዚያው ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት፤ አስገር ልክ በመሆኑ ተናደድኩበት።

የጉባኤው ቀን ፕሬበን ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ አንድ ዕቃ በብብታቸው ይዘው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ውጪው ስስ ብረት ነው። ውስጡ ከስስ እንጨት የተሠሩ መሳቢያዎች በሐዲድ ላይ ይንሸራተታሉ፤ እያንዳንዱ ቁራሽ ዳቦ የየራሱ መሳቢያ አለው። ዕድሜ ልካቸውን ቁም ሣጥን የነደፉት ሰው በመጨረሻ ቁም ሣጥን ሠሩ፤ በመዳፍ የሚያዝ። ዘቅዝቀው ወዘወዙት። ከዚያ አንደኛውን መሳቢያ ሳቡ፤ የሄሪንግ ዓሣው ከነሽንኩርቱ ቦታው ላይ ነው። ሁለተኛውን ሳቡ፤ የጉበቱ ቅባት ላይ ያለችው የኪያር ቁራጭ እንኳ አልተነቃነቀችም። ሰዉ አጉረመረመ፤ በአድናቆት ነው። ሦስተኛውን ገና ከግማሽ ሳያደርሱ መልሰው ዘጉት።

እኔ ግን አጠገባቸው ነኝና አየሁት። ዳቦ በሚቀመጥበት ቦታ የክፍሉ ቁልፍ ተጋድሟል። ከቁልፍ መያዣቸው ፈትተው፣ ወልውለው ነው ያስቀመጡት። ሊያስረክቡ ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

ሊቀ መንበራችን ጉንሂል መነጽሯን አስተካከለች። «ይታጠባል?»

«ተፈታትቶ ይታጠባል» አሉ ፕሬበን።

«ስንት ቦታ ነው የሚፈታታው?» አለች መንታ ልጆቿን ይዛ የመጣች አንዲት እናት። ፕሬበን በጣታቸው መቁጠር ሲጀምሩ፣ «እኔ ጠዋት ጠዋት ጫማ ማሰሪያ እንኳ አላዳርስም፤ ይሄን ሁሉ ማን ይገጣጥምልኛል?» አለች። ከዚህም ከዚያም «እውነቷን ነው» ተባለ። ጉባኤው ወደ ብስክሌቱ ሲያጋድል ታወቀኝ። ፕሬበን ወለሉን አዩ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ሦስተኛው መሳቢያ ሄደ።

በዚህ ጊዜ ከኋላ ሲብረን እጁን አወጣ። ሲብረን በጸደይ የገባ የኔዘርላንድ ሰው ነው፤ ደግ፣ ትሑት፣ ለመርዳት የሚቸኩል።

«ይቅርታ፣ አዲስ ስለሆንኩ ይሆናል ያልገባኝ» አለ። «ለምን አንዱን ቁራሽ ገልብጣችሁ በሌላው ላይ አትከድኑትም? ያኔ መሳቢያም አያስፈልግ፣ ወረቀትም አያስፈልግ።»

ጉንሂል መነጽሯን አወለቀች።

«በሌላው ላይ?»

«አዎ።»

«ከነማባያው?»

«አዎ፤ በእጅ ይያዝና ይገመጣል።»

«ሄሪንጉስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል።

«ሄሪንጉም መሃል ይገባል» አለ ሲብረን ፈገግ ብሎ።

አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ኬክ አስቀመጠች። ያቺው የመንቶቹ እናት ወደ ፕሬበን ዞራ «እኔ እኮ እንዲያ ማለቴ አልነበረም» አለች። «መገጣጠሙ ይለመዳል።» በብስክሌት የተነሣ ለወራት ሰላምታ የተነፋፈጉ ሰዎች ተያዩ፤ ዘመዳሞች መሆናቸው ትዝ አላቸው። ሄሪንግ የሚከደንባትን ዓለም አንድ ጊዜ በዓይነ ልቡናቸው አዩ፤ በዚያ ዓለምና በእኛ መካከል የቆሙት አንድ ሰው ፕሬበን ብቻ ናቸው።

ጉንሂል በሩ ላይ ጠላት የቆመ ይመስል ተጣደፈች። «ድምፅ እንስጥ። ክፍሉ ለብስክሌት ይሁን የሚል?»

ሲብረን ብቻ እጁን አነሣ። አይፈረድበትም፤ የኔዘርላንድ ሰው በብስክሌት ነገር ምን ያድርግ?

«ክፍሉ ለፕሬበን ይቆይ የሚል?»

የእኔ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። አስገር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ብስክሌታችንስ?»

«ዝናብ አይገድለውም።»

እሱም አነሣ። ሌላው ሰው እጁን ያነሣው ለዳቦው ክብር ነው። እኔ ያነሣሁት ለቁልፉ ነው። ልብስ ላጥብ ስወርድ ያ በር ተዘግቶ ማየት አልፈልግም ነበር። ዕቃቸው አንድም ቀን ሠርቶልኝ አያውቅም፤ ሰውዬውን ግን እወዳቸዋለሁ፤ ይህንን እስከዚያች ሰዓት ለራሴም አልነገርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ዶፍ ነው። ሊቫን ትምህርት ቤት ላደርስ ጃንጥላ ይዤ ብወጣ ፕሬበን ካለ ኮት፣ ካለ ባርኔጣ ብስክሌታችን አጠገብ በርከክ ብለው አገኘኋቸው። ውኃው ከአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አስገር ማን ቀድሞ እጁን እንዳነሣ ነገረኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይሄ ብስክሌት ክዳን ያስፈልገዋል። ሰም የተነከረ ሸራ ነው የማስበው። አንድ ክር ፕላስቲክ አይኖርበትም።»

ክዳኑ ወይ እንደሚያፈስ፣ ወይ አልከፈት እንደሚል፣ ወይ ነፋስ የመጣ ቀን ብስክሌቱን ይዞ እንደሚበር ስሜን የማውቀውን ያህል አውቃለሁ። «ተው፣ አያስፈልግም» ልል አፌን ከፈትኩ።

«እስቲ ይቺን ያዢልኝ» አሉና የሜትሩን ጫፍ ዘረጉልኝ።

ጃንጥላውን ለሊቫ ሰጠሁና ያዝኩላቸው።