ስለ አገጬ የተቀመጠ ሽምግልና

«ዘላቂ» የሚለውን ቃል እንደ እኔ የጠገበው ሰው ያለ አይመስለኝም። እንጀራዬ እሱ ነዋ! ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ዕቅድ ደግሞ «ዘላቂ መፍትሔ» ካልተባለበት ዕቅድ አይባልም። ለቧንቧው ዘላቂ መፍትሔ፣ ለመንገዱ ዘላቂ መፍትሔ፣ ለገዛ መሥሪያ ቤታችን ጣሪያ እንኳ ዘላቂ መፍትሔ ጽፌ አውቃለሁ። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ዘላቂ የሆነው ከሥሩ ያስቀመጥነው ባልዲ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቀን ፒያሳ ስታልፍ፣ በአንድ የውበት ሳሎን በር ላይ «ፀጉርን ለዘለቄታው ማስወገጃ» የሚል ማስታወቂያ ብታይ ምን ታደርጋለች? ስቃ ታልፋለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቆምሁ። ግራና ቀኝ ገላመጥሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው እንደሌለ ሳረጋግጥ ስልክ የማወራ መስዬ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ምክንያቱም ጢም አለኝ።

ይኸው ተናገርሁት! ደረት ላይ የሚወርድ ጢም እንዳይመስላችሁ፤ አገጬ ሥር ግራና ቀኝ የሰፈረ፣ ጠንካራ፣ ጥቁር፣ ሐሳቡን የማይለውጥ ጠጉር ነው። ሃያ ስምንት ዓመቴ ላይ አንዲት ብቻ መጣች። መንገድ ስታ የገባች መስላኝ ነቀልኋት። በሳምንቷ ዘመዶቿን ይዛ ተመለሰች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወረንጦ ይዤ መስታወት ፊት ቆሜያለሁ። ወረንጦዋን የምደብቃት ሩዝ ጣሳ ውስጥ ነው። ባሌ ደሳለኝ ሩዝ ይበላል እንጂ ሩዝ ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም። በየማለዳው ከእሱ ቀድሜ ስነሣ ደግሞ ጸሎተኛ ሚስት ያገባ ይመስለው ነበር። ለእናቱም በኩራት ነግሯቸዋል።

ለምን አልነገርሽውም ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናንተ ሞክሩት! ወንድ ልጅ ከጆሮው ቁጥቋጦ ቢያበቅል፣ ከአፍንጫው ጭራ ቢያወርድ ማንም ምንም አይለውም፤ እንዲያውም ሲሸመግል ግርማ ሞገስ ይባልለታል። ሴት ግን አንዲት ጠጉር አገጯ ላይ ብትታይ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል።

በሁለተኛው ሳምንት ወኔዬን ሰብስቤ ገባሁ። ባለሙያዋ ሲስተር ሰብለ ትባላለች። ነርስ ነበረች፤ ሥልጠናውን ወስዳ ከሳሎኑ ጀርባ ያለችውን ክፍል ይዛለች። እኔ ወዲያው ታስተኛኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ መጠየቅ ጀመረች። ጠጉሩ በድንገት ነው የበዛው? የወር አበባሽ ይዛባል? ሐኪም አይቶሻል? ሐኪም አይቶኛል፤ ደሜ ተመርምሮ ጤነኛ ነሽ፣ ነገሩ በዘር የመጣ ነው ተብያለሁ። ሰው ከዘሩ መሬት ይወርሳል፣ ቤት ይወርሳል፤ ለእኔ የደረሰኝ ጢም ነው።

ከዚያ ሥራዋን አስረዳችኝ። ነገሩ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል። መንቀልም ሆነ በክር ማስነሣት ላይ ላዩን ነው፤ ሥሩን አይገድለውም። እሷ ግን እንደ ክር የቀጠነች መርፌ ጠጉሩ በወጣበት ቀዳዳ አስገብታ፣ ሥሩ ላይ ስትደርስ ጥቂት ኤሌክትሪክ ትለቅበታለች። ሥሩ ይሞታል፤ ጠጉሩ ሳይጎተት ተንሸራቶ ይወጣል። ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም አትመርጥም።

«ሁሉንም በአንድ ጊዜ?» አልኋት።

«አንድ በአንድ» አለችኝ። «እሱም ቢሆን አንድ ዙር አይበቃም። ጠጉር በተራ ነው የሚበቅለው፤ ዛሬ የሚታየውን ብገድለው ከቆዳሽ ሥር ገና የተኛ አለ። ሲነቃ ትመለሻለሽ። ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ደግሞ ትንሽ ያማል።»

በዚህ ጊዜ አመንኋት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ዘላቂ» የሚል ሰው «ቀስ ይላል፣ ያማል፣ ትመላለሻለሽ» ሲል ሰማሁ። እኛ መሥሪያ ቤት ዘላቂ መፍትሔ በሦስት ወር ተጠናቆ ሪፖርት ይደረጋል።

አንድ ክልክል ግን ነበረ። እስከምንጨርስ ወረንጦ አልነካም። ሥሩ ከቦታው ከታጣ መርፌዋ ማንን ታገኛለች? ቢብስብኝ በመቀስ ልከረክመው እችላለሁ። እንግዲህ ስምንት ዓመት ስነቅል የኖርሁትን ጢም አብቅዬ ልምጣ ማለት ነው! በቀረችኝ ምርጫ ተጠቀምሁ፤ ስካርፍ ጠመጠምሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ጉንፋን ነው አልሁ። ግንቦት ነበር፤ ግንቦትን እንኳ የሚያሳፍር ሙቀት ነበር።

ሕመሙን የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፣ የሚንተከተክ ሽሮ እጃችሁ ላይ ፈንጠቅ ሲል የሚያደርጋችሁን አስቡ፤ ያንን ደግሞ አገጫችሁ ላይ አድርጉትና ደጋግሙት። እኔ ግን ቻልሁት። ስትጨርስ ቦታው ይቀላል፣ ትንሽ ያብጣል፣ ጥቃቅን ቅርፊት ይይዛል። በእጅ አይነካም፤ በቀናት ውስጥ ራሱ ይረግፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምመላለሰው፤ በሦስተኛው ግራውን ጨርሳ ወደ ቀኝ ልትዞር ስትል መብራት ሄደ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። የሳሎኑ ጄኔሬተር ለፀጉር ማድረቂያው ነው እንጂ ለመርፌዬ አላምነውም አለች። እኔም አላመንሁትም። ግራው ቀልቶ፣ ቀኙ ጢም አብቅሎ፣ ስካርፌን ጠምጥሜ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

አሁን ወደ ባሌ እንሂድ። ደሳለኝ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። የሒሳብ መምህር ሲጠራጠር አይጮህም፤ በልቡ ያሰላል። «ሚስቴ ከምሳ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣለች። ስትመለስ አገጯ ቀልቷል። ልስማት ስጠጋ አገጬን አትንካ ትላለች።» እኔ ቀይ ዳማ ስለሆንሁ ነገር ይታይብኛል። እሱ ደግሞ አዲስ የተጋባን ጊዜ፣ ሁለት ቀን ሳይላጭ ሲስመኝ አገጬ እንዲሁ ይቀላ እንደነበር አልረሳም። አሁን እሱ በየቀኑ ይላጫል፤ ፊቱ እንደ ሳህን ነው። ታዲያ ይህን አገጭ የሚፈትገው ጢም የማን ነው?

ይህ ሳያንሰው አንድ ወዳጁ ፒያሳ ወደ አንድ ሕንፃ ስገባ ማየቱን ነገረው። ሳሎኑ ከታች ነው። ከላይ ፔንሲዮን መኖሩን እኔ አላስተዋልሁም ነበር። ደሳለኝ አስተውሏል።

መብራት በሄደ ማግሥት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አያ ዋሴ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አያ ዋሴ የባሌ አጎት ናቸው፤ አባቱ ካረፉ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከማክሰኝት በጠዋት አውቶቡስ መጥተው ነው። ነጭ ጢማቸውን እየዳበሱ በዱላቸው ወለሉን ቀስ ብለው ይመታሉ። አያ ዋሴ ያለ ነገር ጎንደር አይመጡም፤ ወይ ለሐኪም ነው ወይ ለዕርቅ። የታመሙ አይመስሉም።

ደሳለኝ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ቀልቷል። አያ ዋሴ መረቁን፤ ቤታችሁን ያጽናው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ ነገር አላበዛም። ደብቀሽ የኖርሽው ነገር ተደርሶበታል። ባልሽ ዐውቋል።»

ስካርፌን አጥብቄ ያዝሁ። ሩዝ ጣሳው ታየኝ። ስምንት ዓመት የተጠነቀቅሁት ሁሉ አፈር በላ ማለት ነው! ግን ደግሞ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እፎይታም ነገር ተሰማኝ።

«እንግዲህ ከታወቀ ምን አደርጋለሁ፣ አያ» አልሁ አንገቴን ደፍቼ። «እውነት ነው።»

ደሳለኝ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አያ ዋሴ ዱላቸውን አቆሙ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ስምንት ዓመት ሆነው።»

«ስምንት!» አሉ። «እናንተ ከተጋባችሁ እኮ ገና ስድስታችሁ ነው!»

«ከእሱ በፊት ነው የጀመረኝ። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር፤ አፈርሁ።»

አያ ዋሴ አማተቡ። «ለመሆኑ... አንድ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«መጀመሪያ አንድ ብቻ ነበር፣ አያ። አሁን ግን ከሃያ አልፈዋል።»

ከደሳለኝ በኩል እንደ በግ ያለ ድምፅ ወጣ። እኔ የጠጉር ነገር እንዲህ የሚያስለቅሰው ባል እንዳለኝ አላውቅም ነበርና አሳዘነኝ። ላጽናናው ብዬ፣ «አይዞህ፣ አንተን አስቸግሬህ አላውቅም፤ ሁልጊዜ በማለዳ፣ አንተ ሳትነሣ ነው ስጨርሰው የኖርሁት» አልሁት።

«በዚሁ ቤት ውስጥ?» አሉ አያ ዋሴ።

«ሌላ የት፣ አያ? መታጠቢያ ቤት ነዋ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ይህ እኔ የምችለው ሽምግልና አይደለም፣ ቄሱን ጥሩ አሉ። ደሳለኝም ተነሣ። በስድስት ዓመት ውስጥ ጮሆብኝ የማያውቀው ሰው ጮኸ።

«ሃያውን ሁሉ ተይው! ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ! ያ አገጭሽን የፈተገው ጢም የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!» አልሁ እኔም ጮሄ። «የማን ሊሆን ኖሯል?»

ያን ጊዜ ነው ሁለት የተለያየ ወሬ ስናወራ መቆየታችን ቀስ እያለ የገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ፊቴን እሳት ላሰኝ፤ ሃያ ማለቴ ትዝ አለኝ! ስካርፌን ፈትቼ ወረወርሁት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞሬ አገጬን ቀና አደረግሁላቸው። እነሆ፣ እዩት! ግራው የተሠራ፣ ቀኙ ያልተሠራ። ስለ መርፌዋ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ፣ ስለ ሥሩ፣ መብራት ስለመሄዱ ሳልተነፍስ ተናገርሁ። መጨረሻው ላይ ለቅሶ ያዘኝ።

አያ ዋሴ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ቀረብ ብለው መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን እንደ ደብዳቤ አነበቡት።

«ይችው ናት?» አሉ።

«ይችው ናት፣ አያ።»

«እና ምነው ይችን ጠጉር ብላችሁ እኔን ከማክሰኝት ትጎትቱኛላችሁ?» አሉና ተቀመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ለካስ እየሣቁ ነው። ከሣቃቸው ሲመለሱ ግን ወደ ደሳለኝ ዞረው ፊታቸውን አጠቆሩ። ሸጋ ሚስት ሰጥቶህ አንተ በሐሳብህ ሃያ ወንድ አመጣህባት አሉት። ካሣ አለብህ። እስከምትጨርስ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ራስህ ወስደህ፣ ራስህ ጠብቀህ፣ ራስህ ትመልሳታለህ። ደሳለኝ ጉልበታቸውን ስሞ ተቀበለ።

ብቻችንን ስንሆን አጠገቤ ተቀመጠ።

«ማለዳ የምትነሺው ለጸሎት አልነበረም ማለት ነው?» አለኝ።

«እሱንማ እጸልያለሁ» አልሁት። «እንዳታይብኝ።»

ያን ዕለት ቅርፊቱን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ግንባሬን ሳመኝ።

ደሳለኝ ቃሉን ጠበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ውስጥ ስቃጠል እሱ ውጭ፣ ፀጉራቸውን በሚሠሩ ሴቶች መካከል ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርማል። ታዲያ የከተማችን ሰው አንድ ወንድ ሚስቱን ይጠብቃል ብሎ ያስባል? «ለዘለቄታው ማስወገጃ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ፊቱ እንደ ሳህን የጠራ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጦ ሲያይ ምን ይላል? ወር ሳይሞላ፣ መምህር ደሳለኝ ጢሙን በኤሌክትሪክ ያስነቅላል የሚል ወሬ ፒያሳን አዳረሰ። ትምህርት ቤቱም ደረሰ። ተማሪዎቹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጢም አልባ አድርገው ሣሉት።

እውነቱን ንገራቸው፣ እኔ ግድ የለኝም አልሁት። ግድ ነበረኝ፤ ግን አልሁት።

«አንቺ ስምንት ዓመት የጠበቅሽውን ምሥጢር እኔ በአንድ ወር ላውጣው?» አለኝ። «ይበሉ።»

በማግሥቱም ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ወደ ክፍሉ ገባ።

ወሬው በመጨረሻ የእኛንም መሥሪያ ቤት አገኘው። ባለፈው ሰኞ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ትዕግሥት ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋች። ስለ ባልሽ ሰማሁ፣ አይዞሽ፣ ሁሉም ቤት የየራሱ ነገር አለበት አለችኝ። አመሰገንሁ። ትንሽ ተቁነጠነጠች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለመሆኑ እውነት ተመልሶ አይበቅልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በትዕግሥት ከተመላለሱበት፣ እስካሁን የተሠራው አልተመለሰም አልኋት። በይ እንግዲያው የሴትዮዋን ስልክ ስጪኝ አለችኝ፤ ወዲያውም ጣቷን አወዛወዘች፣ ለእኔ እንዳይመስልሽ፣ ለባለቤቴ ነው።

ባለቤቷን የማያውቅ የለም። መሪጌታ ናቸው። ሲያሸበሽቡ ጢማቸው ደረታቸው ላይ አብሯቸው የሚያሸበሽብ፣ ያንን ጢም አንዴ የተመለከተ ሁሉ ቡራኬ የሚለምናቸው ሰው ናቸው።

ስልኩን ጻፍሁላትና፣ «መርፌዋ ትንሽ ታማለች፤ መሪጌታን አይዞዎት በይልኝ» አልኋት።